ሀገር መልመድ፦ ስለ ሰላምታ፣ ስለ ሰዓትና ስለ መርዶ

እንደምን አመሻችሁ?

«እግዚአብሔር ይመስገን» አላችሁ፤ ከወደ ኋላ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» ሲባል ሰማሁ። እኔም መልሳችሁን እስክትጨርሱ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። አሁን በመካከላችን ያለፈው ነገር አምስት ሰከንድ አይሞላም። ሰው ሀገር ሳለሁ ከምንም በላይ የናፈቀኝ ግን ይቺው አምስት ሰከንድ ናት፤ ስለዚህ ንግግሬን ከእሷ እጀምራለሁ።

ዋሽንግተን በገባሁ በሦስተኛው ወር ያገኘሁት ሥራ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። እዚያ ያለ ሀበሻ ሁሉ «ፓርኪንግ» ነው የሚለው፤ ብዙዎቻችን ያለፍንበት ሥራ ስለሆነ ያስገባኝም የሀገሬ ልጅ ነው። በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል እቀመጣለሁ፤ ቲኬት እቀበላለሁ፤ ሒሳብ አስቤ መልስ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ቁልፍ ስጫን መውጫው ላይ የተጋደመው ዘንግ ይነሣል። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ደንበኛ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ ፈገግ አለና «ሃው አር ዩ?» አለኝ። ደስ አለኝ። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁና ደህና መሆኔን፣ ለዚህም አምላክ እንደሚመሰገን፣ ብርዱ ብቻ ትንሽ እንዳስቸገረኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመርኩ። እሱስ እንዴት ነው? ቤተሰቡስ? የሰውየው ፈገግታ ከፊቱ ሳይጠፋ ዓይኑ ወደ ዘንጉ ሄደ። ከኋላው ሦስት መኪና ቆሟል። አንዱ ጥሩምባ ነፋ። ቁልፉን ተጫንኩት፤ ዘንጉ ተነሣ፤ ሰውየው ሄደ።

ማታ ለደባሌ ነገርኩት። እሱ ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድሞ የገባ ነው። ሳቀብኝና «እንዴት ነህ አላለህም እኮ» አለኝ፤ «አይቼሃለሁ ነው ያለህ።» ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

በምሁራኑ ዘንድ ይህ ዓይነቱ ነገር ስም አለው፤ «ካልቸር ሾክ» ይሉታል። ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው ካሌርቮ ኦበርግ የሚባል፣ ከፊንላንድ ቤተሰብ ካናዳ ውስጥ የተወለደ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 1954፣ በእኛ ሐምሌ 27 ቀን 1946 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ለአንድ የሴቶች ክበብ ንግግር አደረገ። እንደ ዛሬው የእኛ ምሽት ያለ እንጂ የሊቃውንት ጉባኤ አልነበረም። ያለው ነገር ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ ሰው በሀገሩ ቀኑን የሚገፋው በብዙ ትንንሽ ምልክቶች እየተመራ ነው። እጅ የሚጨበጠው መቼ ነው? ግብዣ መቼ ይቀበሉታል፣ መቼስ ይግደረደሩበታል? የትኛው ንግግር የምር ነው፣ የትኛውስ ለወግ ያህል? እነዚህን ማወቃችንን እንኳ አናውቀውም። ሰው ሀገር ስንሄድ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጠፉብናል፤ ጭንቀቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ኦበርግ ምልክቶቹንም ዘርዝሯል፦ እጅን አሥር ጊዜ መታጠብ፣ የሚጠጣውን ውኃ መጠራጠር፣ ሁሉም ሰው ሊያታልለኝ ነው ብሎ መፍራት፣ ዓይንን ሩቅ ተክሎ መቅረት። የመጨረሻውን እኛ በሐሳብ ጭልጥ ማለት እንለዋለን።

«የባህል ድንጋጤ» የሚለው ትርጉም ግን አይስማማኝም። ድንጋጤ ልብ ይመታል፤ ውኃ ትጠጣለህ፤ ያልፋል። እኔ የማወራው ድካም ነው። ሳያስቡት የሚደረገው ሁሉ ታስቦ ሲደረግ የሚያመጣው ድካም። አማርኛው የራሱ ቃል አለው፤ ሀገር መልመድ። መልመድ ለበሬም ይነገራል፤ ቀንበር ለመደ ይባላል። ጫንቃ ላይ የሚያርፍ ነገር እንዳለ ቃሉ ራሱ ያውቃል።

ለምሳሌ ሳንቲምን ልውሰድ። በየኪሱ ያሉት የአሜሪካ ሳንቲሞች ላይ የዋጋ ቁጥር የለም። ዋጋቸው በፊደል ነው የተጻፈው። አምስቱ ላይ «አምስት ሳንቲም» ይላል፤ እሺ። አሥሩ ላይ ግን «አንድ ዳይም» ነው የሚለው፤ ዳይም ስንት እንደሆነ የማያውቅ የራሱ ጉዳይ። ይባስ ብሎ አሥር ሳንቲሟ ከአምስቱ ታንሳለች፤ ቀጭን ጠባብ ናት። መርካቶ ያደገ ሰው ደግሞ ትልቁ ሳንቲም ትልቅ ነው ብሎ ያምናል። እኔም በዚያ እምነቴ ሳምንቱን ሙሉ ላንዱ ደንበኛ አጉድዬ ለሌላው ጨምሬ ስሰጥ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ማታ ሒሳቡ ሲቆጠር 4 ዶላር ከምናምን ጎደለ። አለቃዬ፣ ሀበሻ ነው፣ አልተቆጣኝም። ሁለቱን ሳንቲሞች መዳፌ ላይ አስቀመጠና «ዓይንህን ጨፍን» አለኝ። «ጠርዛቸውን ዳስስ።» የአምስቱ ጠርዝ ልሙጥ ነው። የዳይሟ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተከረከረ ነው። ዓይን የሚያሳስተውን ጣት ለየው። በጋ ሲገባ መብራት በጠፋበት ምሽት ሳይቀር መልስ እሰጥ ነበር። ያኔ አላሰብኩትም እንጂ፣ አሜሪካን የለመድኩት መጀመሪያ በጣቴ ነው።

ገንዘብ ካነሣሁ አይቀር፦ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። እኔ በኖርኩባት፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሜሪላንድ ግዛት ሽያጭ ላይ 6 በመቶ ታክስ አለ፤ የሚጨመረውም ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ስትደርሱ ነው። ኪሱ ውስጥ ልክ 20 ዶላር ይዞ በ20 ዶላር ጫማ ፊት የቆመ አዲስ ገቢ ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ኦበርግ ያታልሉኛል ብሎ መፍራት ያለው ይሄን ነው። ምግብ ቤት ደግሞ ጉርሻ አለ። እኛ ዘንድ ጉርሻ አንድም በፍቅር አፍ ውስጥ የሚገባ ነው፣ አንድም ለአስተናጋጁ ደስ ሲላችሁ የምትተዉለት። እዚያ በመቶኛ ይሰላል፤ ከ15 እስከ 20። አስተናጋጇ ከዋና ደመወዟ ይልቅ በዚያ እንደምትኖር እስካውቅ ድረስ ስንቱን ክፉ ሰው መስዬ እንደወጣሁ እግዜር ይወቀው።

ስለ ምግብ ግብዣው ብዙ አልናገርም፤ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። የተጋበዘ ሀበሻ አንድ ጊዜ «አይ፣ በቃኝ» ይላል፤ ሳህኑ ይነሣል፤ «በሞቴ» የሚል ሳይመጣ ሌሊቱን ሆዱ ሲጮህ ያድራል። እውነት ነው። ደርሶብኛል።

ስም ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። እዚያ ሀገር ከመግባታችሁ ቅጽ ይሰጣችኋል፤ የመጀመሪያ ስም፣ የመጨረሻ ስም ይላል። እናንተም የአባታችሁን ስም በመጨረሻው ቦታ ትጽፋላችሁ፤ ሌላ ምን ትጽፋላችሁ? ከዚያን ቀን ጀምሮ በአክብሮት ሊጠራችሁ የፈለገ ሁሉ «ሚስተር» ብሎ የአባታችሁን ስም ይጠራል። ክሊኒክ ተቀምጬ የአባቴ ስም ሦስት ጊዜ ሲጠራ እኔ አልተነሣሁም። አባቴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ማን ይነሣላቸው? እዚህ አቶ አበበ ከበደ ሲባል የሚከበረው አበበ ነው፤ እዚያ የሚከበረው ከበደ ነው። ሚስቱ አልማዝ ተስፋዬ የአባቷን ስም አልጣለችም፤ ልጃቸው ሰላም ደግሞ ሰላም አበበ ናት። አባት ከበደ፣ እናት ተስፋዬ፣ ልጅ አበበ። ትምህርት ቤት ልጇን ልትወስድ የሄደች እናት፣ የመጨረሻው ስም አልገጠመምና የልጇ እናት መሆኗን በወረቀት አስረጂ ብትባል ምን ይገርማል? ወረቀቱን የያዘችው ሠራተኛ ክፉ አይደለችም። ልጅ በሌላ ሰው እንዳይወሰድ ነው የምትጠብቀው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያስቸግረውም እሱ ነው።

እዚያው ቅጽ ላይ ትንሽ ወረድ ብሎ «ጥቁር» የሚል ሣጥን አለ። በሕይወቴ ጠይምነቴን፣ ቁመቴን፣ የማን ልጅ መሆኔን ተጠይቄያለሁ፤ ጥቁር መሆኔን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ምልክት አደረግኩ። በዚያች ምልክት ውስጥ ያለው የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ የእኔም እንደሆነ ለመረዳት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆመኝ ሀበሻ ነህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከጀንበር ጋር ነው፤ ወጣች፣ ቀኑ ጀመረ። ይህ የሚያስኬደው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው፤ ቀኑና ሌሊቱ ከመስከረም እስከ መስከረም ብዙም አይበላለጡም። ዋሽንግተን ግን ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ። እንዲህ በምትዋዥቅ ፀሐይ ሰዓት አይቆጠርም። ይህም አንሷቸው በማርች ወር ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል፣ በኖቬምበር መልሰው ይጎትቱታል። በ8:00 ሰዓት የተቀጠሩ ሽማግሌ፣ ስምንት ሰዓት ነው ብለው ከምሳ በኋላ ሐኪም ቤት ሲደርሱ አይቻለሁ፤ ቀጠሯቸው ጧት ነበር። ደግሞ ያቺ ፀሐይ ራሷ በብርዱ ወራት ታታልላለች። መጋረጃውን ከፍታችሁ ስታዩ ፍንትው ብላለች፤ በሸሚዝ ትወጣላችሁ፤ ጆሮአችሁ ሊቆረጥ ይደርሳል። ፀሐይ ከወጣች ይሞቃል ብሎ ላደገ ሰው ከዚህ የበለጠ ክሕደት የለም።

ሌላው የሰውነት ቋንቋ ነው። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እ» እንላለን። አሁን እዚህ የተቀመጣችሁት ከመጣችሁ ጀምሮ ሃያ ጊዜ ብላችሁታል። አንድ ቀን አንዲት እናት ይዤ በአስተርጓሚነት ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እትዬ «እ» ይላሉ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው? «እ»። እንቅልፍ ይወስድዎታል? «እ»። በሦስተኛው ላይ ነርሷ ብድግ ብላ የትንፋሽ መለኪያ ይዛ መጣች። ሴትዮዋ ትንፋሽ አጥሯቸው የሚያቃስቱ መስሏታል። (በነገራችን ላይ በሰሜን ስዊድን ሰዎችም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው ነው አዎ የሚሉት። እዚያ የደረሰ ሀበሻ ብርዱ እንጂ «እ»ው አያስቸግረውም።) ዓይንስ? ትልቅ ሰው ሲቆጣህ መሬት መሬት ማየት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። እዚያ ዓይኑን የሰበረ ልጅ የሚደብቀው ነገር ያለው ልጅ ነው። መምህሩ «ዓይኔን እያየህ ንገረኝ» ሲለው፣ ልጁ የተጠየቀው እውነት እንዲናገር ሳይሆን እንዲባልግ ይመስለዋል።

ይህን ሁሉ መልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስቬሬ ሊስጎርድ የሚባል የኖርዌይ ሶሲዮሎጂስት አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ 200 ያህል ኖርዌያውያንን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1955 ያገኘውን አሳተመ። ስድስት ወር ያልሞላቸው ደህና ነበሩ፤ ከዓመት ተመንፈቅ በላይ የቆዩትም ደህና ነበሩ፤ የከፋባቸው በመካከል ያሉት ናቸው። ወርዶ የሚወጣ ጎድጓዳ ኩርባ መሆኑ ነው። ኋላ የመጡ አጥኚዎች ይህ ኩርባ ለሁሉም አይገጥምም ብለው ተከራክረዋል፤ እኔም የእኔ ኩርባ እንደ እንጦጦ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተጠማዘዘ ስለማውቅ ከእነሱ ጋር ነኝ። ግን አንድ ነገሩ እውነት ነው። ሰው የሚከፋው በገባ ዕለት አይደለም። ሻንጣው ሲራገፍ፣ ተቀባዮቹ ወደየሥራቸው ሲመለሱ፣ ከሀገር ቤት የሚደወለው ስልክ «ደረስክ ወይ» መሆኑ ቀርቶ «ምን ላክህ» ሲሆን ነው።

ሀገሩም ደግሞ ይለምዳችኋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መጀመሪያ የሄዱት እንጀራ የሚጋግሩት በስንዴ ዱቄት ነበር፤ ዛሬ ጤፍ አይዳሆ በሚባለው ግዛት ይመረታል። ያስጀመረውም ዌይን ካርልሰን የሚባል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ አሜሪካዊ ነው። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የተነሣ የመንግሥት ቢሮዎች ወረቀታቸውን በአማርኛም ያትማሉ። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2002 አንዱን ሰፈሯን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ ሰይማለች። ዕድር አለ፤ ዕቁብ አለ። ያኔ የገባና ዛሬ የሚገባ ሰው አንድ ዋሽንግተን አይገቡም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልለይ፤ ብዙ ጊዜ ስለሚደባለቅ። ሁሉም ነገር የባህል ልዩነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1991፣ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። ማንቆርቆሪያ ትቶ ቧንቧን፣ ደረጃ ትቶ አሳንሰርን መልመድ ባህል ነው። ልጆቻቸው የዕብራይስጥ ስም ሲወጣላቸው ጉዳዩ ወደ ሌላ መስመር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ለሕሙማን ብለው የለገሱት ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ጋዜጣ ሲያወጣው በሺዎች ሆነው ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። ያ ባህል አይባልም። ወደ ዓረብ ሀገራት የሚሄዱት እኅቶቻችንም እንዲሁ። «ካፋላ» በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ልጅ፣ ፓስፖርቷ በእመቤቷ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ልጅ፣ «ገና ሀገሩን አልለመደችም» አትባልም። ከመናፈቅ የሚመጣ ሐዘንና ከመበደል የሚመጣ ሐዘን መልካቸው ይመሳሰላል፤ ስልክ ላይ በድምፅ ብቻ መለየት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ለዚህ ነው «ትለምጂዋለሽ» ከማለት በፊት ሁለት ጊዜ ጠይቁ የምለው።

መመለስም የራሱ ጣጣ አለው። ጉላሆርን የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963፣ ኩርባው ወደ ሀገር ሲመለሱ እንደገና ይወርዳል ብለው ጽፈዋል። በእኔ ላይ የወረደው በአክስቴ በኩል ነው። አዲስ አበባ በገባሁ በሳምንቱ ስልክ ደውዬ «እሑድ ብመጣ ይመቻል?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ቀጠሮ ይዘህ ነው እኔ ቤት የምትመጣው?» ብላ ዘጋችብኝ። ሁለት ኪሎ ሙዝና የአጎቴን ልጅ ይዤ እግሯ ላይ ወድቄ ነው የታረቅነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ሊሳቅበት ይችላል፤ ስቃችኋልም። የማይሳቅበት አንድ አለኝ።

መርዶ እዚህ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ባለቤቱ በድንገት እንዳይሰማ ስልኩ ይጠበቃል፤ ዘመድ ይጠራራል፤ ማን ይንገረው ተብሎ ይመከራል። ሊነጋጋ ሲል፣ ሰውየው ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ በሩ ይንኳኳል። ሲከፍት አጎቱ፣ የንስሐ አባቱ፣ ጎረቤቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ነገሩ ይገባዋል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ የሚያረዳው ቃሉ ሳይሆን በሩ ነው። ሲወድቅ የሚይዘውም እጅ ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በእነሱ ክረምት ስምንት ሰዓት፣ በእነሱ በጋ ሰባት ሰዓት ትቀድማለች። የደባሌ ታላቅ ወንድም ወግ አዋቂ ሰው ነው። እናታቸው ሲያርፉ ወጉን ጠበቀ፤ ሌሊቱን ተቀምጦ አነጋና ልክ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወለ። እኛ በምንኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር። ወሩ ታኅሣሥ፣ ውጭው በረዶ። ደባሌ ከሁለተኛ ሥራው ገና መግባቱ ነው፤ ካፖርቱን አላወለቀም። እራቱን ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገብቶ ፊቱን ወደሱ አዙሮ ቆሟል። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ «አቤት ጋሼ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ምንም አልሰማሁም። ማይክሮዌቩ ደወለ። ማንም አልከፈተውም። ሳይከፈት ሲቀር በየደቂቃው መልሶ የሚደውል ዓይነት ነው። ሦስተኛው ላይ ከክፍሌ ወጣሁ።

እኔ አንድ ሰው ነኝ። ለመርዶ አንድ ሰው አይበቃም። ይዤው ቁጭ አልኩ፤ ምን እንደምል አላውቅም፤ ድምፁን አውጥቶ ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ለአንድ አፍታ፣ እውነቴን ነው፣ ሰው የደረሰልን መሰለኝ። ፖሊስ ነበር። ከላይ ያለው ጎረቤት ሰው እየተደበደበ ነው ብሎ ጠርቶ ነው፤ እሱም አይፈረድበትም፤ በዚያ ሕንፃ እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቶ አያውቅም። ፖሊሱ ገብቶ ደባሌን ምንጣፉ ላይ አየው። አስረዳሁት። ቆቡን አወለቀ። ሐዘናችሁን ተካፍያለሁ ብሎ ትንሽ ቆመ፤ ጎረቤቱን እኔ አነጋግረዋለሁ አለና ወጣ። የዚያን ሌሊት ነጠላ አዘቅዝቆ በሩ ላይ የቆመልን እሱ ብቻ ነው እላለሁ።

በማግሥቱ ሥራ ቦታው ደወልኩለት። ለቅርብ ቤተሰብ ሞት ሦስት ቀን ፈቃድ ይሰጣሉ፤ የፌዴራል ሕግ አስገድዷቸው ሳይሆን የብዙ መሥሪያ ቤት ልማድ ነው። ሦስት ቀን፣ ልክ ሠልስት ሲወጣ። ለእናት ይሰጣሉ፤ ያሳደገ አጎት ግን አይቆጠርም። በሌላ ጊዜ አንድ የማውቀው ሰው አጎቱን «አባቴ» ብሎ ቅጹን ሞልቶ ሲሳቀቅ ነበር። ዋሽ ያለው ማንም የለም፤ በእኛ ቋንቋ እውነቱን ነው የጻፈው።

ከዚያ ወዲህ ዋሽንግተን ያለው ሀበሻ መላ አበጅቷል። የሚያውቅ ቤተሰብ ለሟች ልጅ ቀጥታ አይደውልም። እዚያው ላለ ወዳጅ ይደውላል፤ ወዳጁ አምስት ስድስት ሰው ይሰበስባል፤ አንዱ ሥራ ቦታው ያለውን ነገር ያስተካክላል፤ አንዱ ንፍሮና ቡና ያሰናዳል፤ ለጎረቤቱም አስቀድሞ ይነገራል። ሊነጋ ሲል፣ በእነሱ ንጋት፣ አፓርታማው ኮሪደር ላይ ካፖርት ደርበው፣ ከካፖርቱ በላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይቆማሉ። እኔ ራሴ ስድስት ሰባት ጊዜ ቆሜያለሁ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ውጭ ሀገር የሌለው ጥቂት ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ደውሉላቸው። መጀመሪያ እንዴት ናችሁ በሉና መልሱን እስኪጨርሱ ጠብቁ። ከዚያ አንድ ነገር ለምኗቸው፤ ገንዘብ አይደለም። እዚያው ከተማ ያለ፣ ቤታቸውን የሚያውቅ የአንድ ሰው ስም ከነስልኩ ይስጧችሁ። ወረቀት ላይ ጻፉትና የዕድር ደብተራችሁ ውስጥ አስቀምጡት። ክፉ ቀን የመጣ ዕለት መጀመሪያ ለዚያ ሰው ደውሉ።